በመግነጢሳዊ ማዕበል ጊዜ በምድር ዙሪያ ያለው ፕላዝማ ምን ይሆናል?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም ምድር ከ20 ዓመታት ወዲህ ያልታየ ብርቱ መግነጢሳዊ ማዕበል ገጠማት። በወትሮው በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አካባቢ ብቻ የሚታየው ቀይና አረንጓዴ የሰማይ ብርሃን በዚያ ሌሊት እስከ ሜክሲኮ ድረስ ታየ። በአሜሪካ በቆሎ አብቃይ ግዛቶች ወቅቱ የዘር ጊዜ ነበር። በሳተላይት እየተመሩ መስመር ጠብቀው የሚዘሩ ትራክተሮች ያሉበትን ቦታ በትክክል መለየት ስለተሳናቸው በርካታ አርሶ አደሮች ዘር መዝራታቸውን ለጊዜው ለማቆም ተገደዱ። ሥራቸውን ያስተጓጎለው ዝናብ ወይም ነፋስ አልነበረም። ከማሳው በላይ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው፣ በዓይን የማይታየው ፕላዝማ በመታወኩ ነበር።

መግነጢሳዊ ማዕበል ብዙ ጊዜ ከፀሐይ ተወርውሮ ምድርን የሚመታ አንድ ኃይል ተደርጎ ይነገራል። እውነታው ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። ፀሐይ ማዕበሉን ትቀሰቅሳለች እንጂ ማዕበሉ በአብዛኛው የሚካሄደው ቀድሞውኑ ምድርን ከብቦ በሚኖረው ፕላዝማ ውስጥ ነው። የሚያስከትለው ጉዳትም እንደየአካባቢው ይለያያል። ለካናዳ የሚያሰጋው ሁሉ ለኢትዮጵያ ላያሰጋ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ሰማይ ደግሞ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው።

ፕላዝማ ምንድን ነው?

ቁስ አካል በጠጣር፣ በፈሳሽና በጋዝ መልክ እንደሚገኝ በትምህርት ቤት የሚታወቅ ነው። አራተኛው መልክ ፕላዝማ ነው። ጋዝ እጅግ ሲግል ወይም ብርቱ ጨረር ሲያርፍበት ከአተሞቹ ላይ ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ። ያን ጊዜ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ኤሌክትሮኖችና አዎንታዊ ሙል ያላቸው አዮኖች ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ይህ ድብልቅ ፕላዝማ ይባላል። መብረቅ የሚያልፍበት አየር ለአፍታ ፕላዝማ ይሆናል። ፀሐይ ራሷም ግዙፍ የፕላዝማ አካል ናት።

ፕላዝማ ከተራ አየር የሚለይበት ዋናው ነገር ለመግነጢሳዊ ኃይል መታዘዙ ነው። ኤሌክትሮኖቹና አዮኖቹ በመግነጢሳዊ መስክ መስመሮች ዙሪያ እየተሽከረከሩ ይጓዛሉ እንጂ መስመሮቹን እንደልብ አቋርጠው አይሄዱም። ፕላዝማው በበኩሉ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሸከማል፤ ያም ፍሰት ሌላ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ስለዚህ አንዱ ሲናወጥ ሌላውም ይናወጣል።

የምድር ጋሻ

ፀሐይ በየሰከንዱ ፕላዝማ ወደ ሕዋ ትለቃለች። ይህ የፀሐይ ነፋስ የሚባለው ፍሰት በአብዛኛው በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ግን በቀጥታ አያስገባውም። የወንዝ ውኃ በመንገዱ ላይ የቆመን ቋጥኝ ዞሮ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ የፀሐይ ነፋስም የምድርን መግነጢሳዊ ክልል ዞሮ ያልፋል። ይህ ክልል ማግኔቶስፌር ይባላል። ከፀሐይ ፊት ለፊት ባለው ወገን ድንበሩ ከምድር በ65 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ይገኛል። በሌሊቱ ወገን ግን እንደ ጅራት ተጎትቶ ከጨረቃ ምሕዋር አልፎ ይሄዳል።

በዚህ ጋሻ ውስጥ ጠባያቸው የተለያየ የፕላዝማ ክፍሎች አሉ። ለምድር የሚቀርበው አዮኖስፌር ነው፤ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ይጀምራል፤ የሚፈጠረውም የፀሐይ ጨረር ስስ የሆነውን የላይኛውን አየር ወደ ፕላዝማ ሲለውጠው ነው። ከእርሱ በላይ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለው ፕላዝማስፌር ይገኛል። ከዚህ ጋር ተደራርበው ደግሞ ትኩስ አዮኖች የሚዞሩበት ቀለበትና እጅግ ፈጣን የሆኑ ቅንጣቶች የታሰሩባቸው የጨረር መቀነቶች አሉ። እነዚህን መቀነቶች ሳይንስ ያወቃቸው አሜሪካ በ1950 ዓ.ም ወደ ሕዋ ባመጠቀቻት ኤክስፕሎረር 1 ሳተላይት ላይ በተጫነ መሣሪያ ነው። ምርምሩን በመሩት ሳይንቲስት ስምም የቫን አለን መቀነቶች ተብለዋል።

ማዕበሉ እንዴት ይጀምራል?

አልፎ አልፎ ከፀሐይ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር ፕላዝማ የራሱን መግነጢሳዊ መስክ እንደያዘ በአንድ ጊዜ ይወረወራል። በፀሐይና በምድር መካከል ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ለማቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል።

የፕላዝማው ደመና ምድር ሲደርስ በቅድሚያ የማግኔቶስፌርን ፊት ወደ ውስጥ ይገፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ግን የደመናው ግዝፈት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው መግነጢሳዊ መስክ የሚያመለክተው አቅጣጫ ጭምር ነው። ወደ ሰሜን ካመለከተ የምድር ጋሻ በአብዛኛው ተዘግቶ ይቆያል። ወደ ደቡብ ካመለከተ ግን ከምድር መስክ ጋር ተቃራኒ ስለሚሆን የሁለቱ መስመሮች ተበጥሰው እርስ በርስ ይቀጣጠላሉ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ይህን አሠራር እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ደንጌ እ.አ.አ በ1961 አብራርተውታል።

የተቀጣጠሉት መስመሮች በፀሐይ ነፋስ እየተጎተቱ ወደ ሌሊቱ ወገን ይሄዱና በጅራቱ ውስጥ ይከማቻሉ። ጅራቱ እንደ ደጋን ገመድ ይወጠራል። ውጥረቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሮቹ እንደገና ተበጥሰው ይቀጣጠላሉ፤ ታምቆ የቆየው ኃይልም ፕላዝማውን ወደ ምድር ይወረውረዋል። ከፊሉ በመስክ መስመሮች ላይ እየተንደረደረ ወደ ዋልታዎች ወርዶ ከላይኛው አየር ጋር ይጋጫል። የዋልታው ብርሃን በዋናነት የሚፈጠረው በዚህ ግጭት ነው። የቀረው ምድርን መዞር ይጀምራል።

የቀለበቱ መወፈር

ወደ ምድር የተወረወረው ትኩስ ፕላዝማ በቀጥታ ወደ መሬት አይወድቅም። በአውድማ ላይ ነፋስ ፍሬውንና ገለባውን እንደሚለይ ሁሉ፣ የምድር መስክም አዮኖችንና ኤሌክትሮኖችን ይለያያቸዋል፤ አዮኖቹ ወደ ምዕራብ፣ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ምድርን የሚከብብ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራሉ። ይህ ቀለበት ምንጊዜም አለ፤ በማዕበል ጊዜ ግን እጅግ ይወፍራል።

በዚህ ረገድ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሰላሙ ጊዜ ቀለበቱ በብዛት የሚይዘው የሃይድሮጅን አዮኖችን ነው። በብርቱ ማዕበል ጊዜ ግን ከምድር ከባቢ አየር ተነሥተው ወደ ላይ የወጡ የኦክስጅን አዮኖች ድርሻቸው እጅግ ከፍ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም የሃይድሮጅኑን ይበልጣል። ማዕበሉ የፀሐይ ብቻ አለመሆኑን፣ ምድር ራሷም ከአየሯ እንደምታዋጣ ይህ ያሳያል።

ቀለበቱ የሚፈጥረው መስክ ከምድር መስክ በተቃራኒ ስለሚቆም፣ በምድር ወገብ አካባቢ በመሬት ላይ የሚለካው መስክ ይቀንሳል። የማዕበል ብርታት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ቅናሽ ነው። መለኪያው የሚሰላው ከደቡብ አፍሪካው ሄርማነስ፣ ከጃፓኑ ካኪዮካ፣ ከሃዋዩ ሆኖሉሉና ከፖርቶ ሪኮው ሳን ሁዋን በሚገኙ አራት ጣቢያዎች መረጃ ነው። በግንቦት 2016 ማዕበል ቅናሹ 400 ናኖቴስላ ገደማ ደርሶ ነበር። በኢትዮጵያ ያለው የምድር መስክ 36 ሺህ ናኖቴስላ ያህል በመሆኑ፣ ይህን ያህል ብርቱ ማዕበል እንኳ የሚቀንሰው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ነው ማለት ነው። ቅናሹ ለሰው የማይሰማ ቢሆንም ለመሣሪያ ጎልቶ ይታያል።

የማዕበሉ ዋና ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ አዮኖቹ በከፍተኛ ከፍታ ላይ ካለው ስስ የሃይድሮጅን ጋዝ ጋር እየተጋጩ ሙላቸውን ያጣሉ፤ ቀለበቱም ቀስ በቀስ ይሳሳል። ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ ቀናት ይወስዳል።

የፕላዝማስፌር መሸርሸርና የጨረር መቀነቶች

ትኩሱ ፕላዝማ ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዝቃዛው ይሸረሸራል። ጎርፍ የወንዝ ዳር አፈርን እንደሚያጥብ ሁሉ፣ በማዕበል ጊዜ የሚበረታው የኤሌክትሪክ መስክ የፕላዝማስፌርን ውጫዊ ክፍል ገፎ ወደ ፀሐይ ወገን ይወስደዋል፤ ከዚያም ወደ ሕዋ ያመልጣል። በግንቦት 2016 ማዕበል አራሴ የተባለችው የጃፓን ሳተላይት የመዘገበችው ይህንኑ ነው። ከምድር ገጽ 44 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የነበረው የፕላዝማስፌር ጠርዝ በ9 ሰዓታት ውስጥ ወደ 9 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጠግቶ ነበር። የታጠበው ክፍል ከአዮኖስፌር በሚወጣ ፕላዝማ ተመልሶ እስኪሞላ ከ4 ቀናት በላይ ወስዷል። ማዕበሉ አለፈ ከተባለ በኋላም የምድር ዙሪያ ወዲያው ወደ ነበረበት እንደማይመለስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የጨረር መቀነቶቹ ጠባይ ደግሞ ለመተንበይ አስቸጋሪ ነው። ከማዕበሎች ግማሽ ያህሉ በውጭኛው መቀነት ያሉትን ፈጣን ኤሌክትሮኖች ያበዛሉ፤ ጥቂቶቹ ይቀንሷቸዋል፤ የቀሩት እምብዛም አይለውጧቸውም። ፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች የሳተላይትን ግድግዳ ዘልቀው በውስጥ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ሊያበላሹ ስለሚችሉ፣ የሳተላይት ባለቤቶች ይህን ክፍል በቅርብ ይከታተሉታል።

በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ

ኮምፓስ በአግድም ብቻ የሚያርፍበት፣ ወደ መሬት የማያዘነብልበት መስመር መግነጢሳዊ የምድር ወገብ ይባላል። ይህ መስመር ከመልክዓ ምድራዊው የምድር ወገብ ይለያል። በአፍሪካ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ከአዲስ አበባም ብዙ አይርቅም። በዚህ መስመር ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጠባብና ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት አለ። እ.አ.አ በ1958 የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ በዓለም ተፈላጊ ከሆነበት ምክንያት አንዱ በዚህ ፍሰት ሥር መገኘቱ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የሳተላይት ምልክቶችን በመቀበል አዮኖስፌርን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ።

በዚሁ መስመር ላይ ያለው ፕላዝማ በቀን ወደ ላይ ይነሣና በመስክ መስመሮች ተንሸራትቶ በሰሜንና በደቡብ ይወርዳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የታችኛው ክፍል ፈጥኖ ይሳሳል፤ ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከሥር ይሆናል። ያን ጊዜ በድስት ውስጥ የሚንተከተክ ሽሮ አረፋ ከሥር ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ፕላዝማ የሳሳባቸው ግዙፍ አረፋዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። የሳተላይት ምልክት በእነዚህ ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። ይህ በአብዛኛው የሚታየው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በመስከረምና በመጋቢት ወራት አካባቢ ይበረታል።

መግነጢሳዊ ማዕበል በዚህ ሂደት ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤት ሊኖረው ይችላል። በማዕበሉ መጀመሪያ ከዋልታ አካባቢ የሚመጣ የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ ወገቡ ላይ ይደርሳል፤ በምሽት ከደረሰ አረፋዎቹን ሊያባብስ ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን በዋልታዎች የጋለው አየር የሚያስነሣው ነፋስ ሌላ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥርና አረፋዎቹ እንዳይነሡ ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ማዕበል የኢትዮጵያን ሰማይ ሲያናውጥ ሌላው ያረጋጋዋል። ወሳኙ ማዕበሉ የደረሰበት ሰዓት ነው።

በሥራና በኑሮ ላይ ያለው ውጤት

እ.አ.አ በ1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን በፀሐይ ላይ ድንገተኛ ነጭ ብልጭታ ከተመለከቱ ከ17 ሰዓታት ተኩል ገደማ በኋላ የተከሰተው ማዕበል የቴሌግራፍ መስመሮችን አውኳል፤ ባትሪያቸው ተነቅሎ እንኳ መልእክት ያስተላለፉ መስመሮች ነበሩ። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም በካናዳ ኩቤክ ግዛት የኃይል አውታሩ በ92 ሰከንድ ውስጥ ወድቆ 6 ሚሊዮን ሰዎች ለ9 ሰዓታት ያህል በጨለማ ቆይተዋል። በፕላዝማው ውስጥ የሚለዋወጠው ፍሰት በመሬት ላይ ባሉ ረጃጅም መስመሮች ውስጥም ፍሰት ስለሚያስነሣ ነው። ይህ አደጋ የሚያይለው ለዋልታ በሚቀርቡ አገሮች ነው። በኢትዮጵያ ስጋቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ ከወገቡ ፍሰት የተነሣ ጭራሹን የለም ማለት አይደለም።

ጥር 2014 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ደግሞ መጠነኛ የሚባል ማዕበል የላይኛውን አየር በማጋሉና በማስፋቱ፣ ገና ከመጠቁ ቀናት እንኳ ካልሞላቸው 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች እስከ 40 የሚደርሱት ወርደው ተቃጥለዋል።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ጉዳይ የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ፣ በተለምዶ ጂፒኤስ የሚባለው ነው። ምልክቱ በአዮኖስፌር ሲያልፍ ይዘገያል። መዘግየቱ ካልታረመ በወገቡ አካባቢ የሚያስከትለው ስህተት ፕላዝማው በበዛበት ጊዜ ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። መንገድ ለሚጠይቅ አሽከርካሪ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። የማሳ ወሰን ለሚለካ ቀያሽ ግን 10 ሜትር የሁለት ጎረቤታሞች ክርክር ነው። ዘመናዊ መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ሞገድ በመጠቀምና በአቅራቢያ ካለ ቋሚ ጣቢያ ጋር በማነጻጸር ስህተቱን በእጅጉ ያርሙታል። በብርቱ ማዕበል ቀን ግን እርማቱም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን የተወሰደ ልኬት ከነባር ምልክትና ከጎረቤት ምስክርነት ጋር ካልተጣጣመ፣ በሌላ ቀን ደግሞ መለካት ተገቢ ነው።

በአጭር ሞገድ ከባሕር ማዶ የሚተላለፉ የአማርኛ የሬዲዮ ሥርጭቶችም በአዮኖስፌር እየነጠሩ ስለሚመጡ በማዕበል ጊዜ ሊደክሙ ወይም ሊጠፉ ይችላሉ። የኤፍ ኤም ሬዲዮና የእጅ ስልክ ግን በአቅራቢያ ካለ ማማ ጋር ስለሚገናኙ ምልክታቸው በአዮኖስፌር ውስጥ አያልፍም።

ስለ ሥጋቱ ሊታወቅ የሚገባው

መግነጢሳዊ ማዕበል በተከሰተ ቁጥር «ዛሬ ሌሊት ስልካችሁን አጥፉ፤ ገዳይ ጨረር ያልፋል» የሚሉ መልእክቶች ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ይታያል። መልእክቶቹ መሠረት የላቸውም። ከሕዋ የሚመጡት ቅንጣቶች በመግነጢሳዊ መስኩና በወፍራሙ ከባቢ አየር ስለሚገቱ፣ መሬት ላይ ባለ ሰው፣ ከብትም ሆነ ሰብል ላይ ማዕበሉ ጉዳት አያደርስም። የስልክ መጥፋት ወይም መብራት ለባለቤቱ ጤና የሚያመጣው ለውጥ የለም። መግነጢሳዊ ማዕበል የመሬት መንቀጥቀጥ ያስከትላል ለሚለው አባባልም የተረጋገጠ ማስረጃ የለም።

ትክክለኛው ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ከመለኪያ ነው። ከምድር በ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት በፀሐይ አቅጣጫ የቆሙ መንኮራኩሮች የሚመጣውን ፕላዝማ ፍጥነትና የመስኩን አቅጣጫ ይለካሉ። ፕላዝማው ከእነርሱ ተነሥቶ ምድር እስኪደርስ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የአሜሪካ የሕዋ አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከልም የማዕበልን ብርታት ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይገልጻል፤ የግንቦት 2016ቱ ማዕበል 5ኛውን፣ ማለትም የመጨረሻውን ደረጃ ያገኘ ነበር።

የፀሐይ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ከፍና ዝቅ ይላል። የአሁኑ ዑደት ከፍተኛ እንቅስቃሴ ወደሚታይበት ምዕራፍ መድረሱ እ.አ.አ በጥቅምት ወር 2024 ተነግሯል። ብርቱ ማዕበሎች ከዑደቱ ከፍታ በኋላ ባሉት ዓመታትም ሲከሰቱ ቆይተዋል። በመሆኑም ወደፊትም «መግነጢሳዊ ማዕበል ሊከሰት ነው» የሚል ዜና መሰማቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የሳተላይት ምልክት ይዞ ለሚለካ ቀያሽ፣ ለሚበር አብራሪና የኃይል አውታር ለሚቆጣጠር ባለሙያ ነው፤ አርሶ አደሩ ከብቱን እንደወትሮው ሊያሰማራ፣ የከተማው ነዋሪም ስልኩን ሳያጠፋ ሊያድር ይችላል።